ሲሊማን የገደለው ገመድ

«ገመድ አንገቱን ቆርጦት ነው የሞተው ይላሉ» አለ ዶክተር ኢዲ አንሶላውን ገልጦ። «አንገቱ ይኸው። እስቲ የቱ ጋ ነው የተቆረጠው? አሳዪኝ!»

ኢንስፔክተር ዙዌና ቩአይ ጎንበስ ብላ አየች። ሟቹ ሲሊማ ኡሲ ይባላል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በምቴንዴ መንደር ቱሪስቶችን በጄት ስኪ፣ በውሃ ላይ በሚነዳ ሞተር ብስክሌት፣ ባሕር ላይ የሚያዞረው ድርጅት መሪ አስጎብኚ ነበር። አንገቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ደረቱ ግን ሁለት መዳፍ በሚያህል ስፋት ጠቁሯል፤ አጥንቱም ገብቷል። የቀኝ እጁ ጥፍሮች ውስጥ የባሕር ሣር ብጥስጣሽ ሞልቷል። አንድ ቀይ የተጠማዘዘ የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የጄት ስኪው ማጥፊያ ነው። ነጂው ከወደቀ ገመዱ አብሮት ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ሲመጣም አንገቱ ላይ እንዲሁ ነበር፤ አልነካሁትም።»

«የድርጅቱ ባለቤት አብሮህ ነበር አሉኝ።»

«ምባሩክ? ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ በረንዳ ላይ በስልክ ሲጮህብኝ ነበር። ልክ አንቺ ስትመጪ ሄደ። ተገላገልኩ!»

ዙዌና ከጤና ጣቢያው ወጥታ ባሕር ዳርቻ ስትደርስ አራት ሰዓት አልፏል። እዚያ ያየችው ነገር ደሟን አፈላው። አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት እጃቸውን የፊጥኝ ታስረው አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። የድርጅቱ ባለቤት ምባሩክ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ አጠገባቸው ቆሟል።

«ማነው እኚህን እናት ያሰረው?»

«ሥራሽን አቀለልንልሽ እኮ፣ እህቴ። ገዳይዋ ይቻትልሽ።»

«እህትህ አይደለሁም። ፍታቸው።»

«ቆይ መጀመሪያ ልንገርሽ…»

«በገዛ እጅህ ፍታቸው አልኩህ!»

ምባሩክ ተንበርክኮ ፈታ። በሠራተኞቹ ፊት መንበርከኩ እንዳንገበገበው መንጋጋው ያስታውቃል፤ ዙዌናም ይህን በማየቷ ደስ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆና ቁጣዋን መደበቅ አልተማረችም፤ መማርም አልፈለገችም።

ሴትየዋ ቢ ታቱ ኮምቦ ናቸው። ባሕሩ ሲሸሽ ገብተው በችካል ላይ በተወጠረ ገመድ የባሕር ሣር እየተከሉና እየሸጡ ከሚኖሩት የመንደሩ ሴቶች አንዷ ናቸው። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ልጃቸው ሒዳያ ሣር ስታስር ከዚሁ ድርጅት ጄት ስኪዎች አንዱ ገጭቷት እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል። ምባሩክ ነጂው ሲሊማ እንደነበረ ጽፎ ፈረመ፤ ሲሊማም ዝም አለ። ቢ ታቱ ገበያ መሃል ቆመው «ባሕሩ ይብላህ!» ብለው ሲረግሙት ያልሰማ የመንደሩ ሰው የለም።

«ባሕሩ አልበላው ሲላት ራሷ በላችው» አለ ምባሩክ። «የጄት ስኪ መተላለፊያውን በሚያመለክቱት ሁለት ምሰሶዎች መሃል የሣር ገመዷን ወጥራ ጠበቀችው። ልጁ በፍጥነት መጥቶ ገባበት። ገመዱን ያገኘው ፓንዱ ነው። በይ ውሰጃት፤ እነዚህ ሴቶችም ከባሕሬ ላይ ችካላቸውን ይንቀሉ!»

«ከባሕርህ ላይ?» አለች ዙዌና።

ምባሩክ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

ፓንዱ ከኋላ ሆኖ ቱሪስቶቹን የሚጠብቀው አስጎብኚ ነው። ከከተማ መጥቶ የሲሊማን እህት ሳኡምን አግብቷል። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል፤ ድምፁም ሻክሯል።

«አንድ ሰዓት ላይ ነበር፣ አለቃ። ባሕሩ ሙሉ ነው። ሲሊማ ፈጥኖ ቀደመን፤ የማንግሮቭ ዛፎቹን ሲታጠፍ ድው አለ። ስደርስ ተንሳፍፏል። ጎትቼ አወጣሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ስልኩን ልፈልግለት ብዬ ብቻዬን ገባሁ፤ ገመዱን ያኔ አየሁት።»

«ነክተኸዋል?»

«ኧረ አልነካሁም! እንዳለ ነው።»

ዙዌና ጫማዋን አውልቃ ገባች። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ኮንስታብል ማካሜ ጉልበቱን እየረገመ ተከተላት፤ ቢ ታቱንም አብራ ወሰደቻቸው። ውሃው አሁን ከቁርጭምጭሚት አይዘልም። ሁለቱ ምሰሶዎች ከሰው ቁመት እጥፍ ይረዝማሉ፤ ሰማያዊው የሣር ገመድ በመሃላቸው ልክ በማካሜ አንገት ቁመት ተወጥሯል።

ቢ ታቱ ገመዱን ሲያዩ ሳቁ። የንዴት ሳቅ ነበር።

«ይሄን እኔ አሰርኩት? እኔ? ሠላሳ ዓመት እዚህ ውሃ ውስጥ ቆሜ ያረጀሁት ሴትዮ!»

«ምን አሳቀዎት፣ እናቴ?»

«ትናንት ጨረቃ ሞልታለች። በዚህ ሰሞን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ጋ ውሃው ይውጥሻል። ምሰሶውን እዪው!»

ዙዌና አየች። የምሰሶው እርጥበት ከማካሜ ራስ በላይ አንድ ክንድ ያህል ወጥቷል፤ ውሃው እዚያ ድረስ የደረሰው ገና ሳይነጋ ነው። ቢ ታቱ እጃቸውን ዘርግተው ከገመዱ አንድ ክንድ ከፍ ያለች አንዲት ምልክት ላይ አሳረፉ።

«አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ነው። ይሄ ገመድ ከውሃ በታች ነበር ማለት ነው። ጄት ስኪው በላዩ ያልፋል እንጂ አይነካውም። አሳ ልይዝበት ነው የወጠርኩት?»

ዙዌና ቋጠሮውን በጥፍሯ ትፈታ ጀመር። ጠብቆ ታስሯል። ሲከፈት ውስጡን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ለማካሜ አቀበለችው።

«ደረቅ ነው» አለ ማካሜ።

«ሰዓቱን ጻፍ» አለችው። «ቃላችሁ እንዳይጠፋ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ።»

ጠዋት ከነሲሊማ ጋር የወጣችው ቱሪስት ዳኑታ ትባላለች፤ ከፖላንድ ከባሏ ጋር ነው የመጣችው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት አስተናጋጆች አጠገባቸው ተቀምጠው ሲያጽናኗቸው ነበርና ከሆቴሉ በረንዳ አልተነሱም።

«ሲሊማ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ፤ ቁሙ ማለት ነው» አለች። «ሞተሩ እየሳለ ጠፋ። ሣር ገባበት አለን። ከዚያ ሌላኛው አስጎብኚ ጎትቶት ከማንግሮቮቹ ጀርባ ወሰደው።»

«ለምን እዚያው አላጸዱትም?»

«እኔም ጠይቄ ነበር። እንግዳ ፊት ማሽን አይበላሽም፣ የባለቤቱ ደንብ ነው ብሎ ሲሊማ ሳቀ። ከጀርባው ሲጨቃጨቁ ሰማናቸው። በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም፤ አንድ ቃል ብቻ ይደጋግሙ ነበር። ሒዳያ፣ ሒዳያ። ምን ማለት ነው?»

«የሰው ስም ነው» አለች ዙዌና። «ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ሞተር በኃይል ጮኸ። ወዲያው ዝም አለ።»

«አንድ ነው ሁለት?»

«አንድ። እርግጠኛ ነኝ።»

ዙዌና ወደ ጀልባ ማቆያው ስትመለስ ፓንዱ ጄት ስኪው ላይ ለብቻው ተቀምጧል። አጠገቡ ሄዳ በጄት ስኪው ላይ ተደገፈች።

«ሣር ሲገባበት እንዴት ነው የምታጸዱት? አሳየኝ እስቲ፤ እኔ ይሄን ነገር አላውቀውም።»

«ቀላል ነው፣ አለቃ።» ፓንዱ ተነሳ። ቀዩን ገመድ ከእጅ አንጓው ፈታ፤ ጫፉን ከማሽኑ ነቀለ፤ ሳያስብበት አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመው። ከኋላ ተንበርክኮ እጁን ከሥር ወደ ውሃ መምጠጫው ፍርግርግ ሰደደ። «እንዲህ እየበጣጠሱ ማውጣት ነው።»

«ገመዱን አንገትህ ላይ ለምን አደረግከው?»

«ማንም እንዳያስነሳብኝ ነዋ! እጄ እኮ ውስጥ ነው፤ ጣት አይተርፍም። ሁሉንም ያስተማረን ሲሊ…»

እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። ዙዌና ሁሉንም እንዲጠራ ለማካሜ ምልክት ሰጠችው።

በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ምባሩክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዳኑታና ባሏ ቆሙ። ወንድሟ የሞተባት ሳኡም ፊቷን በካንጋ ጨርቋ ሸፍና ባሏ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። ቢ ታቱ አሸዋው ላይ ለብቻቸው ተቀመጡ።

«ከገመዱ ልጀምር» አለች ዙዌና። «ውሃው በነበረበት ሰዓት ታስሮ ከነበረ፣ ቋጠሮው ውስጡ እርጥብ መሆን ነበረበት። ደረቅ ነው። ስለዚህ የታሰረው ውሃው ከሸሸ በኋላ፣ ሲሊማ ከሞተ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። የሞተን ሰው በገመድ የሚጠብቅ የለም። ገመዱ የተወጠረው ሲሊማን ለመግደል ሳይሆን እኚህን እናት ለማሳሰር ነው።»

«እሷም ራሷ ልታስረው ትችላለች!» አለ ምባሩክ።

«ራሳቸውን ለማሳሰር? ዝም በል!» ጮኸችበት። «ያሰረው ሰው አሸዋ ላይ ቆሞ በገዛ አንገቱ ለካ። ጠዋት ውሃው የት እንደነበረ አላሰበም። ሣር የሚተክሉ ሴቶች አንዳቸውም እንዲህ አይሳሳቱም፤ ኑሯቸው በዚያ ልክ ነው። እናንተ ግን ባሕሩን የምታውቁት ሲሞላ ነው። ሲሸሽ ጥላ ሥር ትተኛላችሁ፤ እግራችሁ ያን አሸዋ አይረግጥም።»

ሳኡም ካንጋዋን ከፊቷ አወረደች።

«ሁለተኛ፣ ሲሊማ እየነዳ አልሞተም። ሲነዱ ገመዱ እጅ ላይ ይታሰራል፤ የሱ አንገቱ ላይ ነበር። ጥፍሩ ውስጥ የባሕር ሣር አለ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ እጁን ፍርግርጉ ውስጥ ሰዶ ሲያጸዳ ነው የሞተው። ደረቱን የሰበረው ሰፊ ነገር ነው፤ የጄት ስኪ አፍንጫ። ዳኑታ የሰማችው ደግሞ አንድ ሞተር ብቻ ነው። የሲሊማ ከጠፋ የሚጮኸው የማን ነበር?»

ዙዌና ወደ ምባሩክ ዞረች።

«ምባሩክ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከሐኪሙ ጋር ነበር፤ ገመዱን ሊያስር አይችልም። እንግዶቹ ከሆቴሉ አልወጡም። ሦስት ሰዓት ላይ ብቻውን ወደ ውስጥ የገባው፣ ሲሊማንም ከማንግሮቮቹ ጀርባ ጎትቶ የወሰደው አንድ ሰው ነው።»

ሳኡም ከባሏ ትከሻ ላይ ተነሳች። ፊቱን አየችው።

«ፓንዱ? ውሸት ነው በላት እንጂ! ምን ይዘጋሃል? ተናገር!»

«ሊናገርብኝ ነበር» አለ ፓንዱ ወደ መሬት እያየ። «ሒዳያን የገጨሁት እኔ ነኝ። ላንቺ ሲል ነበር ዝም ያለው። ዛሬ ግን ‹አልቻልኩም፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ አርብ ለእናቷ እነግራለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ… ተናደድኩ። ሳላስበው ነው፣ ሳኡም።»

«ሳታስበው? ገመዱንስ ሳታስበው ነው ያሰርከው?» ሳኡም በሁለት እጇ ደረቱን መታችው። «ወንድሜን! ከአንድ ሳህን ስትበሉ ኖራችሁ! ወንድሜን!»

ዳኑታ አቀፈቻትና ወሰደቻት። ማካሜ ፓንዱን በካቴና አሠረው። ምባሩክ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ሲነሳ ዙዌና መንገዱን ዘጋችበት።

«ወዴት?»

«እኔማ እንዳየሽው ንጹሕ ነኝ።»

«የነዳው ፓንዱ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ሲሊማ ራሱ ተስማምቶ… መሪው እሱ ስለሆነ በሱ ስም ከሆነ ብዙ አይጠየቅም፣ ለድርጅቱ ይቀላል ብለን…»

«በሐሰት ፈርመሃል ማለት ነው። ግባ መኪና ውስጥ። መነጽርህንም አውልቅ፤ ሳናግርህ ዓይንህን ልየው።»

ሁለቱን ጭና ስትመለስ ቢ ታቱ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ዙዌና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አለቀ፣ እናቴ። ነፃ ነዎት። ማካሜ ቤትዎ ያደርስዎታል።»

«ነፃ ነዎት ትለኛለች!» አሉ ቢ ታቱ። «ይሄ ልጅ ጠዋት ሞቶ ረፋዱ ላይ ደረስሽ። ምሰሶ ለካሽ፣ ቋጠሮ ፈታሽ፣ ሰው ሰበሰብሽ። ጎበዝ ነሽ፣ አልካድኩም። የልጄ እግር የተቆረጠ ዕለትስ የት ነበርሽ? ማመልከቻ ጽፌ በእጄ ጣቢያችሁ አምጥቼ ሰጥቻለሁ። ያን ጊዜ መጥተሽ ሁለት ጥያቄ ብትጠይቂ ኖሮ ሲሊማ ዛሬ በሕይወት ነበር። እኔም ያላጠፋ ልጅ አልረግምም ነበር። ለሱ ገዳይ አገኘሽለት። ለኔ ልጅስ? ወረቀቷ የት ገባ?»

ዙዌና ልትቆጣ የምትችልበትን ሰው በሐሳቧ ፈለገች፤ የጣቢያውን አዛዥ፣ ጸሐፊውን፣ ማካሜን። አልተገኘም።

«ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አለች። «ምባሩክ ፈርሟል፣ ልጁም አልካደም ብዬ ተውኩት። አላነበብኩትም።»

ቢ ታቱ ካንጋቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሠሩና ተነሱ።

«በይ እንግዲህ ነይና ጠይቂያት። ሒዳያ ቤት ናት። የትም አትሄድም።»

መኪናውንም ሳያዩት በእግራቸው ወደ መንደሩ አቀኑ። ዙዌና ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ከኋላቸው ተከተለች።