ከክዳኑ በላይ

«ቁንጫ! መሰላሉ የት ሄደ?»

የበያጁ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ቁንጫ መሰላሉን ከጉድጓዱ ስባ አውጥታ የፍየሎቹ በረት ግድግዳ ላይ አስደግፋዋለች። መዳፏ ላይ ስንጥር ገብቶባት በጥርሷ እየነቀለች ነው።

«ኧረ ቁንጫ! ልታጥቢው ነው እንዴ የወሰድሽው?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ቁንጫ ያላት አባቷ ነው፤ ትንሽ ሳለች አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አትችልም ነበር። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዛሬ አርፋ ተቀምጣለች።

ጉድጓዱ እንዲሁ ጉድጓድ አይደለም። ከበረቱ ወለል ሦስት ሜትር ወደ ታች ያለ፣ ሌባ ሲመጣ መሸሸጊያ የሚሆን ክፍል ነው፤ አራት ሰው ተጠጋግቶ ያድርበታል። ጣሪያው ወፍራም ግንድ፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላዩ አፈር ነው። አፉ ላይ የብረት ክዳን አለ። ክዳኑ ላይ ገለባና የፍየል በጠጥ ሲበተንበት እንኳን ሌባ ፍየሎቹም አይለዩትም። ሥራው ሁለት ወር ፈጅቷል። ከመቆፈሩ ይልቅ ያስቸገረው አፈሩን መደበቁ ነበር፤ ትኩስ አፈር የተከመረበት ግቢ «ኑ፣ እዚህ ጉድጓድ አለ» ብሎ ይጣራል። ስለዚህ አባቷ በየቀኑ በጆንያ ሞልቶ በአህያ ጋሪ ወንዝ ድረስ ይወስደውና አሸዋው ላይ በእግሩ እየበተነ ይመለሳል። ዛሬም እዚያው ነው። እናቷ ደግሞ ፕሮፌሰርን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች።

ፕሮፌሰር ታላቅ ወንድሟ ነው። ሂሳብ ሲያስረዳት ጥያቄውን ሳትጨርስ መልሱ ጋ ይደርስ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ አራት ሰዎች ግቢያቸው ገቡ። ሁለቱን ላሞችና በቅሎዋን መንዳት ሲጀምሩ ፕሮፌሰር «የት ልትወስዷት ነው?» ብሎ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። ፊቱን በዱላ መቱት። ግራ ዓይኑ ፈሰሰ፣ ቀኙም ደከመ። አሁን መጽሐፍ ሲገልጥ አፍንጫው ወረቀቱን ይነካል፤ ትምህርት ቤቱንም ትቶታል።

ቁንጫ ያን ዕለት ከጭድ ክምሩ ኋላ ተሸጉጣ ነበር። አንደኛው ሰውዬ በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ያለውን በጆሮዋ ሰምታለች።

«በያጁ እንዳለው ነው። የታችኛው ማጠፊያ ወደ ላይ ሲሉት ይወልቃል።»

በሩን የሠራው በያጁ ነበር። የማጠፊያውን ነገር ከእሱና ከእነ ቁንጫ በቀር ማንም አያውቅም።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። አባቷን ታውቀዋለች፤ ሆዱ ቶሎ የሚባባ ሰው ነው። በያጁ መጥቶ ሁለት ዘለላ እንባ ቢያፈስለት «በል ተወው፣ እግዜር ይየው» ብሎ ይሸኘዋል። እሷ ደግሞ ነገሩን ለእግዜር ማስረከብ አልፈለገችም። ቤተሰቡ ማታ ማታ ሲጸልይ ስለ ይቅርታ የምትለዋ ጋ ሲደርሱ ከንፈሯን ገጥማ ታልፋታለች። እናቷ አይታለች፤ ግን ምንም ብላት አታውቅም።

እና አባቷ «ክዳኑን ማን ይሥራልን? ወሬ የማያወጣ ሰው ነው የምፈልገው» ሲል «በያጁ አለ አይደል፣ አባዬ» ያለችው እሷ ራሷ ናት።

«መሰላሉን አምጪ እንጂ! ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው።»

ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠግታ ቁልቁል አየችው። እግሩ ሥር የጣሳ ክዳን ላይ ሻማ በርቷል። አባቷ ድሮ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ስለነበር ሁለት የማይሻሩ ሕጎች አሉት፤ ታች ሰው እያለ መሰላል አይነካም፣ አየር አጥሮ ሻማው ከደከመ ደግሞ ሰው ይወጣል። በያጁ ዛሬ የወረደው የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ሊገጥም ነው። ቱቦው ገና እጁ ላይ ነበር።

«የበራችንን ማጠፊያ ለማን ነው የነገርከው?» አለችው።

ቱቦውን ዝቅ አደረገ። «የምን ማጠፊያ?»

«የታችኛውን።»

«አንቺ ልጅ፣ ቀልድሽን ተዪ።»

«ቀልድ ከወደድክ ሻማውን እያየህ ሳቅ።»

ሻማውን አየ። ነበልባሉ አጥሯል። ቀና ሲል ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር።

«ጋሼ ማለቱንም ተውሽው?»

«ተውኩት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሱቄ ድረስ መጡ» አለ በመጨረሻ። «እኔ የገበያ ቀን ነው፣ ቤት ሰው አይኖርም ብዬ ነው። ወንድምሽ ይኖራል ብዬ... እመቤቴን፣ አላሰብኩም።»

«አዲሱ የብየዳ ማሽንህስ? እሱም ሳታስበው መጣ?»

ቁንጫ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ደስታ እንደ ትኩስ ሻይ ደረቷ ላይ ሲወርድ ተሰማት። አንገቱን ሰብሮ እግሯ ሥር እንዲህ እንዲቆም ነበር የፈለገችው። ግን ጥያቄዋ አላለቀም።

«ይሄንንስ? ይሄን ክፍል ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኩም።»

«አልጠየቁህም?»

ዓይኑን ሻማው ላይ ተክሎ «ባለፈው ሳምንት ጠይቀውኛል» አለ። «እዚያ ግቢ ምን ትሠራለህ አሉኝ። የበረት በር ነው አልኳቸው። በልጆቼ እምላለሁ!»

«በልጆችህ አትማል።»

አመነችውም አላመነችው ያው ነው። ዛሬ ባይናገር ነገ ሲያስፈራሩት ወይም ሌላ ማሽን ሲያሳዩት ይናገራል። እናቷና ፕሮፌሰር የሚሸሸጉበትን ክፍል በሴንቲሜትር የለካው እሱ ነው። እዚህ ያመጣችው ደግሞ እሷ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሆዷ ውስጥ ቆልፋ ስትጠብቅ የሁለት ወሩን ድካም ለሌቦቹ አፍ አቀረበችው። የአባቷ የተላጠ መዳፍ ታያት።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ካልወጣ ምስጢሩም አይወጣም።

ክዳኑን በሁለት እጇ ገፋችው። ብረቱ ጓ ብሎ ተዘጋ። ላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

መጀመሪያ ጩኸት ነበር። ቀጥሎ በቱቦው ጫፍ ክዳኑን መምታት ጀመረ። ጓ። ጓ። እያንዳንዱ ምት ጀርባዋን ይዞ እስከ ጥርሷ ይወጣል። ፍየሎቹ ጥግ ይዘው አፈጠጡባት። «ፕሮፌሰርም እንዲህ ጮኋል» አለች ለራሷ፤ ድጋሚም አለችው። ምቱ እየዘገየ፣ እየላላ ሄደ። ጓ... ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ አንዲት ደካማ ጓ።

እናቷ ብትሆን እንዲህ ነበር የምትመታው። ከዚያ በላይ ጉልበት የላትም።

ክዳኑ የሚከፈተው ወደ ላይ ነው። ሌባው መጥቶ አንድ ሰው ካስቀመጠበት በቃ፣ ታች ያለው ሁሉ አለቀለት። አባቷ ጣሪያውን፣ አፈሩን፣ ሽታውን ሳይቀር አስቧል፤ ይህን ግን አላሰበም። እሷም ብትሆን ያወቀችው የሌባውን ቦታ ይዛ ስለተቀመጠች ነው።

እሳት እንደነካት ሰው ብድግ አለች። ክዳኑን ለመገልበጥ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ በሦስተኛው ተነሣላት። ሻማው ጠፍቷል። መሰላሉን እየጎተተች አምጥታ አወረደችው።

«ውጣ» አለችው። «ቶሎ በል፣ ውጣ!»

በያጁ ደረጃ በደረጃ እየተንገዳገደ ወጣና አፈር የተሞሉት ጆንያዎች ላይ ተዘረረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ይቅርታ አልጠየቀችውም። ውኃ በጣሳ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት፤ እጁ ላይ ግን አልሰጠችውም።

«ለአባትሽ አትንገሪው» አለ እያሳለ። «ሥራውን በነጻ እጨርስልሻለሁ። እኔም ምንም አልተደረገብኝም እላለሁ። ሁለታችንም...»

«ሁለታችንም የሚባል ነገር የለም።»

ሰውዬውን እንደ ድሮው ትጠላዋለች። ጥላቻው ቅንጣት አልቀነሰም። አካፋውን አነሳች። ለነገ የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ ፈታችና አፈሩን መልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጠችው። እናቷ እዚህ ጉድጓድ አትገባም። ሁለተኛውን ስትጎትት የጋሪው ጎማ ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

አባቷ ልጓሙን እንደያዘ በረቱ መግቢያ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ የተዘረረውን ሰው፣ በመጨረሻ ጉድጓዱን አየ።

«ቁንጫ! አብደሻል? የሁለት ወር ሥራ እኮ ነው!»

በያጁ አፉን ሊከፍት ሲል እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ያንተ ተራ ይደርሳል» አለችው። አካፋውን መሬት ላይ ተከለችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ተቀመጥ። በያጁን ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ለምን እንዳስጠራሁት ልንገርህ።»