ፍላሽ የማይሰካበት መድረክ

«አልቀዳም።»

ትህትና ይህን ያለችው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው። ሚሊዮን የሰማት አልመሰለም። ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳፈጠጠ «እሺ፣ ከላይ እንጀምረው። ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ ትንሽ ቸኩለሻል» አለ።

የሚሊዮን ስቱዲዮ ማለት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓዳ ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፤ በሩ ላይ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። በክረምት እዚያ ውስጥ ለመቅዳት መጀመሪያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ እስኪያቆም መጠበቅ ግድ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ላይ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ቶሎ አያቆምም። ስለዚህ ትህትና ለማሰብ በቂ ጊዜ አግኝታ ነበር።

«አልቀዳም አልኩህ እኮ፣ ሚሊዮን።»

አሁን ዞረ። «ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። የዘንድሮውን ሄለን ራሷ ትዝፈነው።»

ሚሊዮን ሳቀ። የሳቀውም ሄለን መዝፈን እንደማትችል እሱም ትህትናም ስለሚያውቁ ነው። ሄለን ራሷም ሳታውቀው አትቀርም፤ እንዲያውም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። በከተማው የክረምት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ማንም በገዛ ጉሮሮው አይዘፍንም። ዘፋኙ ዘፈኑ የተቀዳበትን ፍላሽ ለዲጄው ይሰጥና መድረክ ላይ ወጥቶ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ሕዝቡም ይህን እያወቀ ይጨፍራል። ትህትና ድምፅ አላት፣ ግን የመሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ልጅ ናት። የመሪጌታ ልጅ ዘፈን ይዛ መድረክ ላይ ብትወጣ ከተማው ምን እንደሚል ለማንም መንገር አያስፈልግም። የክፍሏ ልጅ ሄለን ደግሞ ቁመት አላት፣ መልክ አላት፣ ካሜራ አትፈራም። ሚሊዮን ሁለቱን ገጣጠማቸው፤ ድምፁ የትህትና፣ መቆሙ የሄለን። ማንም ማንንም አላስገደደም። ትህትናም እሺ ብላለች፤ ይህን ልትክደው አትችልም። ግጥሙን የጻፈችው እንኳ እሷ ነች።

«ወንዙ ሞልቶብኛል፣ መሻገሪያ የለኝ፣
ድምፄ ይድረስልህ፣ ባለህበት ስማኝ።»

በፌስቲቫሉ ቀን ከሕዝቡ ኋላ ጃንጥላ ይዛ ቆማ ነበር። ሜዳው ሙሉ «ሄለን! ሄለን!» ሲል እሷም አጨበጨበች። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ በየስልኩ ዞረ፣ ባጃጆች ሁሉ እሱን እየከፈቱ ጭቃውን ያንቦጫርቁት ጀመር። ይህን ሁሉ ችላዋለች። ያልቻለችው አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሆነውን ነው። አንዷ ልጅ ሄለንን «ድምፅሽን እንዴት ነው የምትጠብቂው?» ብላ ጠየቀቻት። ሄለን ቅንጣት ሳታፍር «ጠዋት ጠዋት ማር በሞቀ ውሃ እጠጣለሁ» አለች። ትህትና አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ሄለን ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሚሊዮን።

«አጅባር እሄዳለሁ። እዚያም ፌስቲቫል አለ።»

«ያንን ነው ፌስቲቫል የምትዪው? አቦ አታስቂኝ። እዚያ እኮ ፍላሽ አይሰካም። ባንድ የለ፣ መብራት የለ፣ ጭስ የለ። ሽማግሌ ፊት ለፊት ተደርድሮ ነው የሚያፈጥብሽ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምሄደው» አለች ትህትና፤ ብርድ ልብሱን ገልጣ ወጣች።

ለአባቷ ግን እንዲህ በድፍረት አልተናገረችም። «አጅባር ያለችውን አክስቴን በለጥሻቸውን ልጠይቃት» አለቻቸው። መሪጌታም ደስ ብሏቸው «ሂጂ ልጄ። ፍልሰታ ሳይገባ ተመለሺ» ብለው መረቋት። ምርቃቱ አንገቷን አስደፋት።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ስትደርስ ሄለን ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ አውቶብሱ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ሚሊዮን ነግሮኛል» አለች ሄለን። «ብቻሽን አትሄጂም።»

«ልትከለክዪኝ ነው?»

«አይ። ላይሽ ነው።» ትንሽ ቆይታ «ደግሞ ምን እንደምትዪ መስማት አለብኝ» አለች። ፈርታለች። ትህትና ፍርሃቷን አየች፤ አዘነችላት፤ ማዘኗ ደግሞ አናደዳት።

አጅባር ሲደርሱ ካፊያ ነበር። ፌስቲቫሉ የተዘጋጀው ከገበያው በላይ ባለ ሜዳ ላይ ነው፤ በባሕር ዛፍ ግንድ የተወጠረ ትልቅ ሸራ፣ ከትምህርት ቤት የመጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ መሬቱ ላይ የተበተነ ገለባ። መድረክ የሚባለው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ የጣውላ ርብራብ ነው። እዚያ ላይ አንድ ማሲንቆ መቺና አንድ ከበሮ መቺ ተቀምጠዋል። ሌላ ነገር የለም።

«ማይኩስ?» አለች ሄለን። «በናትሽ፣ ማይክ እንኳ የላቸውም? ምን ዓይነት ፋራ ነገር ነው?»

ከማይኩ ይልቅ ትህትናን ያስጨነቃት የፊተኛው ወንበር ነው። መካነ ሰላም ላይ ከፊት የሚሰለፈው ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርፅ ወጣት ነው። እዚህ ከፊት ያሉት ጋቢያቸውን የተከናነቡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ስልክ የያዘ የለም። ዘፋኙ ሲዘፍን አይጨፍሩም፣ ይሰማሉ። ሲበቃቸው ደግሞ አንዱ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ብሎ አንድ ስንኝ ይወረውራል። ዘፋኙ የተሰጠውን በዜማው ደግሞ፣ የሚገጥመውን ሁለተኛ ስንኝ እዚያው ከራሱ ማምጣት አለበት። ካላመጣ ወርዶ ለሌላው ይለቃል። ትህትና ዓይኗ እያየ ሁለት ሰው ወረደ። አንደኛው ከወረኢሉ የመጣ ድምፀ መረዋ ጎልማሳ ነበር።

«እንሂድ» አለች ሄለን እጇን ይዛ። «ትዋረጃለሽ። የምሬን ነው።»

«ከተዋረድኩም በራሴ ድምፅ ነው።»

የመድረክ መሪው አቶ አስናቀው ስሟን ከነአባቷ ጠራ። ትህትና ወጣች። ለማሲንቆ መቺው «አምባሰል» አለችው በሹክሹክታ፤ እሱም ቃኘላት። ከዚያ ዓይኗን ከፊተኛው ወንበር ሳትነቅል ጀመረች።

«ወንዙ ሞልቶብኛል፣ መሻገሪያ የለኝ…»

ድምፅዋ ያለ ማይክ እስከ ሸራው ጫፍ መድረሱን ስታይ ራሷም ገረማት። የአባቷ ተማሪዎች ዜማ ሲያጠኑ እየሰማች ነው ያደገችው፤ ትንፋሽን እንዴት እንደሚቆጥቡት፣ ድምፅን ከደረት እንዴት እንደሚያወጡት ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች። አንዲት ሴት «ማሻአላህ» ስትል ሰማቻት። ሁለተኛውን አዝማች ልትጀምር ስትል ግን ከመሀል አንድ ጎረምሳ ተነሣ።

«ይሄማ የሄለን ዘፈን ነው!» አለ። «እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ይቺ ልጅ ቃል በቃል ነው የምትቀዳት። ድምፅዋን ሳይቀር! ያቻትላችሁ፣ ሄለን ራሷ እዚያ ቆማለች።»

ሸራው ስር ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሄለን ኮፍያዋን ለመሳብ ሞከረች፣ ግን ከዚያ በታች አልወርድ አላት። ማሲንቆው ቆመ።

አቶ አስናቀው ሄለንን በአክብሮት፣ ግን ጮክ ብሎ ጠየቃት፤ «የኔ እኅት፣ ዘፈኑ ያንቺ ነው?»

ሄለን ወደ መድረኩ ቀና አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ትህትና ተናደደች። ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ስትነጠቅ ዝም አለች፤ አሁን ደግሞ የገዛ ድምፅዋን ሰረቅሽ ልትባል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «ውሸታም ናት፣ ያለ እኔ አንዲት ቃል አትችልም» ብትል ሁሉም ያልቅ ነበር። አፏን ከፈተች።

«ቆይ ልጄ» አሉ ከፊተኛው ወንበር አንዲት አሮጊት። እመት አስቻለች ይባላሉ፤ ያን የወረኢሉን ጎልማሳ ያስወረዱት እሳቸው ናቸው። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «የምን ክርክር ነው? የተቀዳ ነገር አዲስ አይጨመርበትም። ቅጂ ከሆነች አሁን ትታወቃለች። በይ፣ ተቀበዪኝ።»

ከዚያ ስንኙን ቀስ አድርገው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጡ ሰጧት።

«የሰው ቀሚስ ለብሳ ገበያ የወጣች…»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ስንኙ ለማን እንደተሰጠ ግልጽ ነው፤ የሰው ቀሚስ የለበሰችው ትህትና ናት መባሉ ነው። ማሲንቆው ተነሣ። ትህትና ስንኙን በዜማው ደገመችው፤ መልሱን እየፈለገች አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ሄለን ያቺን ኮፍያ ጨምድዳ ይዛ ቆማለች። የሰው ቀሚስ ለብሳ የወጣችውስ እሷ አይደለችም ወይ? መልሱ ምላሷ ላይ መጣ። ሄለንን በአንድ ስንኝ መሬት ላይ የሚጥል፣ አጅባርን በሙሉ የሚያስቅ መልስ ነበር።

ግን ቀሚሱን ማን ሰጣት? ማን ሰፍቶ፣ ማን አልብሶ፣ ማን ከኋላ ቆሞ አጨበጨበ? ትህትና ትንፋሿን ሳበች።

«የሰው ቀሚስ ለብሳ ገበያ የወጣች፣
ሰፊዋን ጠይቋት፣ እቤት ለምን ቀረች።»

እመት አስቻለች በምርኩዛቸው የመድረኩን ጣውላ መቱ። «ይቺ የማንም ቅጂ አይደለችም» ብለው ተቀመጡ። እልልታው ተነሣ። ጎረምሳው ግን አልለቀቀም፤ «ታዲያ የአምናውም ያንቺ ነበር?» አለ።

«የእኔ ነበር» አለች ትህትና። «መደበቁንም የተስማማሁት እኔ ነኝ። እሷን ብቻ አትውቀስ።»

ከዚያ ሁለተኛውን አዝማች ጀመረች፤ እስከ መጨረሻውም ዘፈነችው። ሽልማቱን የወሰደው አንድ ዋሽንት ነፊ ነው፤ ይገባዋል። ትህትና የወሰደችው ነገር ቢኖር እመት አስቻለች ሲሳለሟት ጉንጯ ላይ የቀረውን የጋቢያቸውን ሽታ ነው።

በማግሥቱ ሲመለሱ ሄለን መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ጭጋጉ ውስጥ ዳገቱን ሲያያዙት ነው ወሬ የጀመረችው።

«ትሰድቢኛለሽ ብዬ ነበር።»

«ልሰድብሽ ነበር።»

«የማሩን ነገር…» አለች ሄለን፣ ሳትጨርሰው ቀረች። «ሼም ነው። አውቃለሁ። ሲጨበጨብልኝ የእኔ መሰለኝ፣ ወላሂ።»

ትህትና «ምንም አይደለም» አላለችም፤ ነገሩ ጎድቷት ነበርና። ግን ቦታ አልቀየረችም።

ከተማው ሲቀርብ ሚሊዮን ደወለ። ወሬው ቀድሞ ደርሶታል፤ ድምፁ እንደ ማባበልም እንደ መቆጣትም ይላል። «የሆነው ሆኗል። ለጳጉሜው የከተማችን ፌስቲቫል ሐሙስ እንቅዳ። ሄለን ትውጣ ችግር የለም፣ ሰው ይረሳል። አባትሽም አይሰሙም።»

«እዘፍናለሁ» አለች ትህትና። «አልቀዳም። መድረኩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«እብድ ነሽ? አባትሽስ?»

«እሳቸውን ለእኔ ተዋቸው» ብላ ዘጋችው። ሄለን ከጎኗ «አብሽሪ» አለቻት በቀስታ።

ቤት ስትደርስ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ በረንዳው ላይ ድጓቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ተማሪዎቻቸው ሄደዋል። እጃቸውን ስማ ቀና ስትል ፊቷን አዩት፤ ፈገግ አሉ።

«በለጥሻቸው ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አባባ። ሰላም ብላዎታለች።»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ ያደረችው አክስቷ ቤት ነው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ማንም አይጎዳም። መሪጌታም እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ትህትና ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«አባባ፣ አጅባር የሄድኩት እሷን ለመጠየቅ አይደለም።»

መሪጌታ ገጹ ላይ ጣታቸውን እንዳሳረፉ ቀና አሉ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጉና አጠገባቸው ወዳለው ዱካ በእጃቸው አመለከቱ። «ቁጭ በይና ንገሪኝ።»

«ቆሜ ነው የምነግርዎት» አለች ትህትና፤ አምና ክረምት ከሆነውም ጀመረች።