በጠመኔው ላይ የወጣው መስመር

መስመሩ እንደገና ወጣ።

አያንቱ በመኪናዋ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን በተከፈተው በር ወደ ውጭ ዘርግታ፣ በስልኳ መብራት ከመሪው ሥር ታያለች። የመሪውን ዘንግ በነጭ ጋዝ አርሳ፣ በጨርቅ ጥርግ አድርጋ አድርቃ፣ ከትምህርት ቤት ባመጣችው ጠመኔ ቀብታው ነበር። ጥቂት ጠበቀች። ነጩ ላይ፣ ልክ ብየዳው ባለበት ቦታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ቀስ እያለ ብቅ አለ። ይህ ሦስተኛ ሙከራዋ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው የወጣው።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። ብረቱ ደህና ከሆነ ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ወደ ውጭ እየወጣ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ይህን ያስተማሯት አባቷ አቶ ኢሉ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በላዳ ታክሲ ከጎፋ መካኒሳ፣ ከመካኒሳ ለቡ ሲመላለሱ፣ በየዓመቱ መኪናዋን ለምርመራ ከመውሰዳቸው በፊት ግቢው ውስጥ አቁመው እያንዳንዱን የመሪ ብረት በጠመኔ ይፈትሹ ነበር። ጠባብ ቦታ የምትገባው እጅ የአያንቱ ስለነበረች ቀቢዋ እሷ ነበረች። «ጠመኔው ነጭ ሆኖ ካልቀረ ሰው አላሳፍርም» ይሉ ነበር፤ እውነትም አያሳፍሩም፤ አንዴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ተቀምጠዋል።

ያቺ ላዳ ናት እንግዲህ ዛሬ ይህችን መኪና የሆነችው። የአያንቱ ታላቅ ወንድም ሂርጳ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። መኪና መንደፍ የተማረው ከስልኩ ቪዲዮና ጎፋ ባሉ ጋራዦች ቆሞ በማየት ነው። የአባቱን ላዳና አንድ መካኒሳ ግቢ ውስጥ ዝጎ የተጣለ ቮልስ ቆራርጦ፣ አጋጥሞ፣ ላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጠ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ቀይ ሱፐርካር አወጣ። ያየ ሁሉ አፉን ይዟል። ያ ልጅ እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ችግሩ አስቀያሚ ነገር ማየት አለመቻሉ ነው። ወንበሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ሲገፋው መሪው ራቀ፤ ስለዚህ የላዳዋን ዘንግ ቆርጦ ከቮልሱ ዘንግ አንድ ስንዝር ቀጠለበት። ብየዳው ጎርበጥበጥ ያለ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ማን ያየዋል ብሎ ይተወው ነበር። ሂርጳ ግን በግራይንደር ሞርዶ ሞርዶ፣ መጋጠሚያው እስኪጠፋ አለሰለሰው። ጥንካሬውን አብሮ እየሞረደው እንደነበር ያኔ አልታሰበውም። ባለፈው ሳምንት አያንቱ መሪውን ስታዞር ከውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ሲከነክናት ሰነበተ።

ሂርጳን ጠርታ አሳየችው። ተንበርክኮ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በሸሚዙ እጅጌ ጠመኔውን ጠረገው።

«አታካብጂ። ላይ ላይ ያለ ጭረት ነው።»

«ጭረት ከሆነ ጋዙ ከየት ይመጣል?»

ሂርጳ ተነሥቶ እጅጌውን አራገፈ። ነገ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ከቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች ይመጣሉ። መኪናዋን ከግቢው አውጥቶ በአዲሱ አስፋልት ቁልቁል እስከ ድልድዩ ድረስ ይነዳታል፣ እነሱም ይቀርፃሉ። ከጎኑ የሚቀመጡት አቶ ኢሉ ናቸው፤ ላዳዋን የሰጡት እሳቸው ስለሆኑ ይገባቸዋል ብሎ ሂርጳ ራሱ ነው የጠየቃቸው። ዘንጉን መቀየር ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ይፈጃል።

«ሰኞ ፈትቼ ሙሉውን እቀይረዋለሁ» አላት ሂርጳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገን ብቻ ልለፋት። አያንቱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እብድ ሲሉኝ ነበር። ለአባዬ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

አያንቱ በእሺታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ምን ታድርግ? በልጅነቷ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስትጣላ የሚቆምላት፣ ፈተና ስትወድቅ ከአባቷ ቁጣ የሚያስጥላት ሂርጳ ነው። ከመኪናዋ ኋላ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ስምም የእሷ ነው። ያን ቀን ራት አልበላላት አለ፤ አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን በካውያ ሲተኩሱ ላለማየት ፊቷን አዞረች። ፈርታለች። የፈራችውን ነገር በስሙ ለመጥራት እንኳ አልደፈረችም።

ጠዋት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መኪናዋን ጠበቃት። ቁልቁለቱ ግራና ቀኝ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ትንሽ ልጅ እግሮቹን አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ሸንኮራ ይመጥጣል። ተነሡ የሚላቸው የለም። ታች ድልድዩ ይታያል፤ አንዱ ወገን የብረት አጥሩ ተገንጥሎ ከወደቀ ዓመት አልፎታል።

ከጣቢያው ካሜራ ይዛ የመጣችው ልጅ ሚካል ትባላለች። ሂርጳን ካነጋገረች በኋላ ሁለት ጊዜ እንዲወርድ ነገረችው፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ግን ፍጥነት ጨምሮ፣ ምክንያቱም ሱፐርካር እያዘገመ ቢታይ ሰው ይስቃል። ሂርጳ ፈገግ ብሎ እሺ አለ። አያንቱ ግን ዓይኗን ከእጆቹ ላይ አላነሳችም። መኪናዋን ከግቢው ሲያወጣ መሪውን የያዘው ዕንቁላል እንደያዘ ሰው ነበር። ሲያጠማዝዘው ትንፋሹን ይውጣል። ጭረት ነው ያለው ልጅ ጭረት አለመሆኑን ያውቃል።

ዓይኑን ፈለገች። ሁሉንም ሰው ሲያይ እሷ ጋ ሲደርስ ዘለላት።

አቶ ኢሉ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የታክሲ ዘመን ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ላዳዋ ከሥራ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ቀና ብለው ሲራመዱ አላየቻቸውም። ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ ሰላም አሉ። ከዚያ መኪናዋን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ወደ አያንቱ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንም አልሆንኩም አባዬ።»

አፏ እንዲህ አለ። እጇ ግን ኪሷ ውስጥ ትላንት ከቀባችበት የተረፈውን ጠመኔ ጨብጧል። ብትናገር ሂርጳ በካሜራ ፊት፣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ይዋረዳል፤ እብድ ያሉት ሁሉ ልክ ነበርን ይላሉ። ምናልባትም ዳግመኛ አያናግራትም። ዝም ብትል ሰኞ ዘንጉ ይቀየራል፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ያልፋል። ሊያልፍ ይችላል። «ሊያልፍ ይችላል» የሚለውን ቃል ግን አባቷ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተናግረውት አያውቁም።

ሞተሩ ተነሣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሸንኮራ የሚመጥጠው ልጅ የተሻለ ለማየት ተነሥቶ ወደ አስፋልቱ መሃል አንድ እርምጃ ገባ። አቶ ኢሉ ጎንበስ ብለው፣ ባርኔጣቸው እንዳይነካ በአንድ እጅ ይዘው፣ ወደዚያ ዝቅ ያለ ወንበር ሊገቡ አንድ እግራቸውን አስገቡ። ሂርጳ ከወዲያ በኩል ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያየው። ሚካል ጣቷን ከፍ አድርጋ እንዲነሡ ምልክት ልትሰጥ ትጠብቃለች።

አያንቱ በመኪናዋ ፊት ዞራ አባቷ ጋ ደረሰች። ባርኔጣ ያልያዙበትን እጃቸውን አነሣች፣ መዳፋቸው ላይ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ጣቶቻቸውንም አጠፈችባቸው።

አቶ ኢሉ እጃቸውን ከፍተው አዩ። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። መጀመሪያ ጠመኔውን፣ ቀጥለው ልጃቸውን፣ በመጨረሻም መሪውን የያዙትን የሂርጳን እጆች አዩ። ሂርጳ መሪውን አሁንም እንደ ዕንቁላል ነበር የያዘው።

እግራቸውን ከመኪናዋ አወጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጣሪያዋ ላይ አኖሩ፣ የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትተው ኮቱን አጣጥፈው አጠገቡ አስቀመጡ። ሚካል ካሜራዋን ዝቅ አደረገች።

«ነጭ ጋዙን አምጪ» አሏት።

አያንቱ ወደ ግቢው አመራች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ሞተሩ ጠፋ። ያጠፋው ማን እንደሆነ ለማየት ዞር አላለችም፤ የነጭ ጋዙን ጣሳ ለማንሣት ገባች።