ከጎን የመጣው ብርሃን

ኢንስፔክተር ናሊያካ በለቅሶው ድንኳን ፊት የተሰቀለውን፣ ሰው የሚያህለውን ፎቶ ቀና ብላ አየች። ሟቹ ሽበታም ፎቶግራፈር ኦዱዎር ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ አገጩን በመዳፉ ይዞ ቁልቁል ያያታል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ቀኝ ጆሮ ግንዱን ተመትቶ ሞቶ ነው የተገኘው።

«የመጨረሻው ፎቶው ነው» አላት የሟቹ የሥራ ሸሪክ ሙጋ። «ራሱን በራሱ አንስቶት ነበር፤ ካሜራው ውስጥ አገኘሁት። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይላል። እኔ ያኔ ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ የኪሱሙ ከተማ በሙሉ አይቶኛል።»

ኦዱዎር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሕይወት ነበር በሚያሰኘው በዚህ ፎቶ የተነሳ የታሰረው የስቱዲዮው መብራት ተሸካሚ ኦጎላ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ ስቱዲዮው ገባ፣ ሬሳውን አየ፣ ጮኸ፤ በጩኸቱ የመጡት ፖሊሶች እሱኑ ይዘው ሄዱ። ነገ በነፍስ ግድያ ተከስሶ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

እናቱ የናሊያካን እጅጌ ያዙ። «ልጄ፣ ኦጎላዬ እኮ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ነው።»

«ለእናቱ ሁሉም እንደዚያ ነው» አለ አንዱ ፖሊስ ሳቅ እያለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው ናሊያካ።

ኦጎላን እስር ቤት ሄዳ አነጋገረችው።

«ቅዳሜ የት ዋልክ?»

«ቤተ ክርስቲያን። የመዘምራኑ ፎቶ ነበር፤ የስቱዲዮውን መብራት ጠቅልዬ በጠዋት ወሰድኩ።»

«ጠቅልለህ ስትል፣ ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ማዳም። ልመልስ ስገባ ነው ያየሁት።»

«ከማን ተጣልቶ ነበር?»

ኦጎላ አንገቱን ደፋ። «ሙጋ ልብስ የሚቀይሩ ሙሽሮችን ተደብቆ ያነሳል። ሙዜ ኦዱዎር ደርሶበት ‹ሰኞ ለፖሊስ እናገራለሁ› ሲለው፣ በዚያ ጠዋት መብራቱን ይዤ ስወጣ ሰምቻለሁ። ለፖሊሶቹ ነገርኳቸው። ‹ፎቶዎቹን ካየህ ለእኛም አሳየን› ብለው ሳቁብኝ።»

ናሊያካ ስቱዲዮ ሄዳ የሙጋን ኮምፒውተር አስከፈተች። ተደብቆ ያነሳቸውን ሙሽሮች አይታ ተነሳችና እጇን ታጠበች። በሩ ላይ ስትደርስ ተመልሳ ደግማ ታጠበች።

የኦዱዎር ሚስት አፖንዲ ሙሽሮችን የምትኳኩል ሴት ናት። እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ የመኳኳያ ሳጥኗን ገፋ አድርጋ አሳየቻት።

«ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሙሽራዋ ቤት ስሄድ ይሄን ትንሹን እዚህ ትቼው ነበር። ማን እንደነካካብኝ እንጃ። ብሩሼን እዪው፤ ሽበት ተጣብቆበታል። ሽበታም ሙሽራ ኳኩዬ አላውቅ!»

«ባልሽ ፓውደር ይቀባ ነበር?»

«እሱ? ቫዝሊን እንኳ በልመና ነው» ብላ ልትስቅ ስትል ነገሩ ገባት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ኦጎላ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ናሊያካ ሁሉንም ድንኳኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። መጀመሪያ የሙጋን ቦርሳ አስከፈተችና ትንሽ የካሜራ ፍላሽ አወጣች። ፊቱ ላይ ብርቱካናማ ላስቲክ ተለጥፏል።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«የአዳራሽ አምፖል ቢጫ ነው። ፍላሹ ነጭ ከሆነ ሙሽራዋ አመድ ትመስላለች። ሠርግ ባለ ቀን ጠዋት ለጥፌው ነው የምወጣው።»

«ረስተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ ጀማሪ ነኝ እንዴ?»

ወደ ፎቶው ዞረች። «ከዓይኑ እንጀምር። ፎቶው ላይ መስኮቱ ክፍት ነው፤ የቀን ብርሃን ይገባል። የእኛ የዓይን ብሌን በዚህ ብርሃን ይጠባል። የሱ እንደ ጉድጓድ ተከፍቷል። ይሄ ሰው ፎቶ ሲነሳ ሞቶ ነበር።»

ከለቀስተኞቹ መካከል አንዷ ሴት ጮኸች።

«የሞተ ፊት ስለሚገረጣ በአፖንዲ ብሩሽ ፓውደር ተቀባ። ቁስሉ በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ገዳዩ ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ በግራ በኩል፣ በመቆሚያ ላይ አቆመው። ግራው ሲበራ ቀኙ ጨለመ። አሁን ዓይኑ ውስጥ ያለችውን ነጥብ እዩ። የስቱዲዮው መብራት ትልቅና ክብ ነጥብ ይጥላል፤ ይቺ የጥፍር ያህል ናት። ፊቱ ደግሞ ብርቱካን ሲመስል መስኮቱ ሰማያዊ ሆኗል። ብርቱካናማ ላስቲክ የተለጠፈበት ትንሽ ፍላሽ ያለው ማነው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠርግ ነበርኩ!» አለ ሙጋ።

«ፍላሹም ካንተ ጋር ነበር። ስለዚህ ፎቶው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልተነሳም። የካሜራ ሰዓት እጅ ያለው ሁሉ ያዞረዋል። ኦጎላ መብራቶቹን ይዞ ወጥቷል፣ አፖንዲ ሙሽራዋ ቤት ናት፤ ወደ ሠርጉ ከመሄድህ በፊት አንተና ሙዜ ብቻችሁን ቀራችሁ። ስለ ሙሽሮቹ እንዳይናገር ገደልከው። ከዚያ እንደ ደንበኛ አስቀምጠህ አነሳኸው።»

ሙጋ ሰዎቹን አላየም። ፎቶውን ነበር የሚያየው።

«ብርሃኑን ግን ልብ ብላችሁታል?» አለ። «ሬሳን እንደዚያ የሚያበራ ሌላ ሰው ኪሱሙ ውስጥ ካለ አምጡልኝ።»

ናሊያካ «ውሰዱት» ብላ ለፖሊሶቹ ጠቆመች። አፖንዲ ተነስታ ፎቶውን ለማውረድ ገመዱን በጥርሷ ትነክስ ጀመር።

«ልጄን መቼ ነው የምወስደው?» አሉ የኦጎላ እናት።

«አሁኑኑ፣ ማማ። መኪና ውስጥ ይግቡ።»

አሮጊቷ ፖሊሶቹ ሙጋን ያስገቡበትን መኪና አዩ። «ከሱ ጋር ከምቀመጥ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ናሊያካ የመኪናውን በር ዘጋችና ሂዱ ብላ ጣሪያውን መታች። ከዚያ መንገድ ላይ የቆመ ባለ ሞተር ጠርታ አሮጊቷን ከሾፌሩ ኋላ አስቀመጠች፤ እሷም ከኋላቸው ተጣብቃ ወጣች።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የምጭነው» አለ ባለ ሞተሩ።

«ስትመለስ ልጃቸው ሦስተኛ ይሆናል» አለችው። «ንዳ!»