የጓዳ እመቤት ሻል

ጡረተኛው ዳኛ ጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተዋል። ከኋላ የተመቱበት የነሐስ የመጻሕፍት መደገፊያ ደም እንደነካው ከወንበሩ ሥር ወድቋል። መርማሪዋ ክፍሉን ትዞራለች፤ አንድ ቦታ ስለማትረጋ ባልደረቦቿ «ቁንጫ» ይሏታል።

የሳሎኑ በር ተበረገደ። ፖሊስ በስልክ የጠራው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ለከተማው ምክር ቤት ስለሚወዳደር ፎቶው በየግድግዳው ተለጥፏል።

«ጋሼ የት አለ? ላጽናናው!»

የዳኛው ሚስት ከሶፋው ተነሣች። ሲያያት ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ሰዎች ደግፈው አስቀመጡት።

መርማሪዋ ጽሑፍ ሊቀበል መጥቶ ሳሎን ወደተቀመጠው የጋዜጣ አሳታሚ ዞረች። «ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ልቦለድ የምታወጣው ‹የጓዳ እመቤት› የዳኛው ሚስት ናት ይባላል።»

«አገር እንደዚያ ያምናል። ጸሐፊው ግን ራሳቸው ናቸው! ‹የሴት ልብ የሚተርክ ዳኛ ማን ይፈራል?› ይሉኝ ነበር።»

«ታሪኩስ ስለ ምንድን ነው?»

«ጓደኛውን አሳልፎ ሰጥቶ ሹመት ስላገኘ ሰው።»

ቁንጫ ተመልሳ ቁስሉን በአጉሊ መነጽር አየች። ደሙ ውስጥ አረንጓዴ የሱፍ ክር አለ። አፍታም ሳይቆይ ሃምሳ አለቃው ከመታጠቢያ ቤት አረንጓዴ ሻል ይዞ መጣ፤ ውሃው ይንጠባጠባል።

«እማማ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ። ያጠብኩትም እኔ ነኝ።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ እንጂ ልጄ! ባሌ ከሰዓት በኋላ ክበብ እሄዳለሁ ይላል፤ እሱ ግን በሩን ዘግቶ ይጽፋል። ሻሌን ካልደረበ በዚያች ሴት ስም አንድ መስመር አይመጣለትም። ከገበያ ስመለስ ተደፍቶ አገኘሁት። ሬሳው ላይ እንዲሳቅበት አልፈለግሁም፤ ገፈፍኩለት።»

«ይህን እንድናምን?»

«እኔ አምናለሁ» አለች ቁንጫ። «ካቴናውን መልስ።»

ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ እንደ ልማዷ ከመስኮት ወደ በር መመላለስ ጀመረች።

«ገዳይዋ እሳቸው ቢሆኑ ከሻሉ በፊት ነሐሱን ያጥቡ ነበር። ያጠቡት የባላቸውን ክብር ነው። አሳታሚውም ጸሐፊው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ደግሞስ የምትታለብ ላሙን ማን ያርዳል?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አሳታሚው፤ ግን ተነፈሰ።

«ገዳዩ በር ከፍቶ ያየው ከጀርባ፣ ሻል የተከናነበ ሰው ነው። ዳኛው ክበብ ናቸው ብሎ ያምናል። መትቶ፣ ፊት ሳያይ ሮጠ።» ወደ ሚስትየው ጎንበስ አለች። «እማማ፣ የተመቱት እርስዎ ነዎት።»

ሴትዮዋ አንገቷን ዳበሰች።

ቁንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች፤ በወንድምየው ፊት። «ስልክ የደወለልዎት ፖሊስ ያለዎት ‹ወንድምዎ ቤት ሰው ሞቷል› ብቻ ነው። ማን እንደሞተ አልጠየቁም። ወንድምዎን ሊያጽናኑ መጡ። የሞቱት ሚስቱ መሆናቸውን ማን ነገረዎት?»

ሰውየው የወንድሙን ሚስት በጣቱ አመለከተ። «ጓደኛዬን አሳልፌ የሰጠሁበትን ታሪክ ለጋሼ ብቻ ነበር የነገርኩት። ጋዜጣ ላይ ሳየው... እሷ ከሱ ሰምታ የሸጠችኝ መሰለኝ። ከምርጫው በፊት ልታጠፋኝ...»

«እኔ ያንተን ምስጢር ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች የወንድሙ ሚስት በቀስታ።

ካቴናው እጁ ላይ ሲገጠም አልታገለም። የተዘጋውን የጽሕፈት ክፍል በር ያያል።

«እውነቴን ነው እኮ» አለ፤ «ላጽናናው ነበር የመጣሁት።»