ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ጥላ

መብራት ሲጠፋ የመንገዱ ሱቅ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ሰው የመብራት ሞተር፣ በጄኔሬተሩ፣ ነበር። ባለሞተሩ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ አባት ነው። ከጓሮው ሽቦ ስቦ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ዘርግቷል፤ ደስ ሲለው ያበራል፣ ሲያኮርፍ ያጠፋል።

ስለዚህ ኤሌክትሪሺያኑ «አዋጥተን የራሳችንን ሶላር እንትከል፤ ያዋጣ ሁሉ ድርሻ አለው» እያለ ሱቅ ለሱቅ መዞር ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ የእኔን ደጅ ይዘለዋል ብላ ነበር። አልዘለለውም።

«የማን ቤት እንደገባህ ታውቃለህ?» አለችው፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

«አውቃለሁ። ያንቺ ቤት።»

«የባለሞተሩ ልጅ መሆኔንስ?»

«ሞተሩን መች አዋጣ አልኩት? አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። «የሸሚዝህ አንገት ተተርትሯል። እንዲህ ለብሰህ ማን ያምንሃል? ነገ አምጣው።»

አመጣው። በማግስቱም ሌላ ሸሚዝ አመጣ። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ያለው የአናጢው ጣሪያ ላይ እየወጣ የፀሐዩን አቅጣጫ ይለካል። እሷም ሱቋን ከወትሮው ቀደም ብላ መክፈት ጀመረች። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ እሱ ሜትሩን ይጥላል፤ እሷን ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ ይስታታል።

መዋጮው ሞላ። ከሰፈሩ ርቀው የሄዱ ልጆች ሳይቀሩ በስልክ ላኩ። ልብስ ሰፊዋም አዲስ ማሽን ልትገዛበት ያስቀመጠችውን ለአባቷ ሳትነግር አስገባች። የፓነሎቹ ማቆሚያ ብረት አናጢው ጣሪያ ላይ ቆመ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመዋጮው ገንዘብ ያዥ፣ ባለዳቦ ቤቷ፣ ብረቱን ልታይ ወጣች። ከአናጢው ቤት ጀርባ ያለው ፎቅ ጥላውን ጣሪያው ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። ቀና ብላ አየች፤ ኤሌክትሪሺያኑን አስጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ጥላ አላየኸውም?»

«ጠዋት የለም እኮ፣ እትዬ።»

«ከሰዓት መጥተህ አታውቅም?»

ጆሮው ቀላ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የተሰፋ ልታደርስ ትሄዳለች፤ መስኮቱ ዝግ ነው። ባለዳቦ ቤቷ ከጣሪያው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ልጁ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በሉ ጉዳችንን ስሙ። መንገዱ ሁሉ ያዋጣው ለካ እሱ የሷን ዓይን እንዲያይበት ኖሯል።»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። አናጢው ገንዘቤ ይመለስ አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እስከ ሰኞ ሌላ ጣሪያ ካልተገኘ ሁሉም የየድርሻውን ወስዶ ይበተናል ተባለ። ቀኑን ሙሉ ጥላ የማይነካው ጣሪያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ የባለሞተሩ ቤት።

ኤሌክትሪሺያኑ ደጇ ላይ መጥቶ ቆመ። መግባት አፍሮ ነበር። «አባትሽን እኔው እጠይቃቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተን ሲያይማ ከሞተሩ ጋር ያስርሃል። ደግሞ የብቻህ አታድርገው፤ መስኮቱን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

ይህን ብላ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ወደ አባቷ ጓሮ ሄደች።

አባቷ የሞተሩን ዘይት ሲጠርግ አገኘችው።

«አባዬ፣ ጣሪያህን ፈልጌው ነበር።»

«ልብስ ልታሰጪበት?»

«ለሶላሩ።»

ጨርቁን ወረወረው። «አንቺን ያሳደገሽ ይሄ ሞተር ነው፤ ልትቀብሪው መጣሽ?»

«ያሳደገኝስ እሱን ሲያስነሳ የሚሰነጣጠቀው እጅህ ነው። በጭሱ ስትስል ከርመሃል፤ የማልሰማ ይመስልሃል?»

«ሞተሩን ካቆምኩ ቆሜ ልለምን እንግዲህ?»

«ማን ለምን አለህ? እነሱ ፓነል እንጂ ሽቦ የላቸውም። በየሱቁ የገባው ሽቦ ያንተ፣ ጣሪያው ያንተ። እሱን አዋጣና ድርሻህን ተቀበል። መስመሩንም ከአንተ ሌላ ማን ይይዘዋል?»

ባለሞተሩ የወረወረውን ጨርቅ አነሳ። «ልጁ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

«እሱማ ጥላህን ይፈራል።»

«ትወጂዋለሽ?»

«አዎ።»

«በአንድ ቃል ስትመልሽልኝ ይሄ የመጀመሪያሽ ነው» አለ አባቷ። ጨርቁን ሞተሩ ላይ ጣል አድርጎም፣ «እንግዲያ የምርሽን ነው።»

ሰኞ ዕለት ሰዎቹ ገንዘባቸውን ሊወስዱ ተሰብስበው ሳለ ባለሞተሩ መሐላቸው ገባ። ጣሪያውንና ሽቦውን በድርሻ እንደሚያስገባ ተናገረና ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረ። «አንተ ግን ጣሪያዬን ከሰዓትም መጥተህ ታየዋለህ።» አናጢው እንኳ ሳቀ። ገንዘቤን ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ፓነሎቹ ከተተከሉ በኋላ፣ ሥራ በደራበት ሰዓት የከተማው መብራት ሄደ። ባለሞተሩ እንደ ልማዱ ማስነሻ ገመዱን ያዘና መልሶ ለቀቀው። የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ እየዞረ፣ የአናጢው መጋዝ እየጮኸ ነበር። ባለዳቦ ቤቷ በዱቄት እጇ እልል አለች፤ ከየሱቁ እየወጡ ተቃቀፉ። አናጢው ራሱ መጋዙን አጥፍቶ መጣ።

ኤሌክትሪሺያኑ ከጣሪያው ወርዶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆመ። ለወትሮው ሞተሩ ስለሚንጫጫ ሰው የሚነጋገረው ተጯጩሆ ነው። ዛሬ ግን ጸጥ ብሏል፤ በሹክሹክታ የጠየቃትን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

«ታገቢኛለሽ?»

«ጮክ በል» አለችው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «መጨረሻው ሱቅ ውስጥ ያልሰሙ አሉ።»

ትንፋሹን ስቦ ጮኸ። ሳይጨርስ «አዎ» ብላ መለሰችለት።