የመጨረሻው ገጽ ጫማዎች

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ደራሲው ቀኖ በነሐሴ ዝናብ ከቤተሰቡ ጓሮ ዋንዛ ሥር ሞቶ ተገኘ። ወገቡ ላይ የቀፎ መውጫ ገመድ ታስሯል። አጠገቡ የማር ቅልና ያልተለኮሰ ችቦ ወድቀዋል። ጫማዎቹ ከዛፉ ሥር ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸው ወደ ቤቱ ዞሮ ተቀምጠዋል።

ኢንስፔክተር ተጂቱ ከመቱ ስትደርስ ከኋላዋ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ዘጋው። ከአልጋ ከማትነሳው እናት ሌላ ግቢው ውስጥ ያደሩት ሦስት ሰዎች ከእሷና ከሳጅን ነገራ ጋር ታጎሩ።

«ገመዱ የወንድሙ የጅራታ ነው» አለ ነገራ፣ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ። «ቀፎውንም ዘንድሮ የሰቀለው እሱ ነው። ምን እንጠብቃለን?»

«ውሃው እስኪጎድል» አለች ተጂቱ። ጎንበስ ብላ የሟቹን ውስጥ እግር አየች፤ ንጹሕ ነው። የጫማዎቹ ተረከዝ ግን በጭቃ ተለስኗል።

ቀኖ የጻፈው ልቦለድ የቤተሰቡን አራት ትውልድ ይተርካል። አያት ንብ ይሆናል፣ አክስት ከጣሪያ በላይ ትበራለች፣ ሙታን ምሳ ይጠይቃሉ። መቱ መጽሐፉን በጉጉት ጠብቃ፣ ሲወጣ አዛጋች። ከመሃሉ ያለፈ አንባቢ ካለ ጀግና ነው። የተጻፈባቸው ግን ከውስጡ መውጣት አቃታቸው።

ጅራታ ያዮ ጫካ ውስጥ ንብ የሚያረባ የልጆች አባት ነው።

«ገበያ ስወጣ ‹ንቡ መጣ› ይሉኛል! እኔ አላነበብኩትም፤ የተማርኩት በኦሮምኛ ቁቤ ነው፣ የአማርኛ ፊደል አላውቅም። አኒ ሂን አጄፍኔ! ወንድሜን አልገደልኩም። ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

የሟቹ ሚስት ተስፋነሽ የያዮ ማር ቆራጭ ልጅ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ ተስፋነሽ፣ ጫማዎቹን አዩ?»

«አየሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አለ። በኩር ልጅ በነሐሴ ማር ሊቆርጥ ይወጣል፤ ነፍሱ መንገድ እንዳትስት ጫማውን ወደ ቤት ያዞራል። ስተይብለት ‹በነሐሴ ማር የሚቆርጥ የለም፣ ያዮ ይስቅብሃል› ብዬው ነበር። ‹አስማት ወር አይጠይቅም› አለኝ።»

ሦስተኛዋ እህቱ መታሰቢያ ናት፤ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን ስታስታምም እዚያው ቤት ፀጉሯ የሸበተ።

«መጽሐፉን ጨረሱት?»

«ኧረ ማን ይጨርሰዋል! ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላለፍኩም።»

ተጂቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ቀኖ ከዛፍ አልወደቀም» አለች። «ጫማውን አውልቆ ጭቃ ቢረግጥ እግሩ ይቆሽሽ ነበር። ጫማውን እንዳደረገ በጀርባው ተጎትቷል፤ ተረከዙ ይመሰክራል። ጫማውን ያወለቀውና ያዞረው ገዳዩ ነው። ስለዚህ ገዳዩ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቧል።»

«ጅራታስ?» አለ ነገራ።

«ጅራታ ፊደሉን አያውቅም። ደግሞም ማር የሚያውቅ ሰው በነሐሴ ዝናብ ማር የሚቆረጥ አስመስሎ አያታልልም፤ የሚያምነው የለማ! እትዬ ተስፋነሽም ያንን ስህተት ራሳቸው ነቅሰውታል። ይህን ያደረገው መጽሐፉን የሚያውቅ፣ ማር ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ መታሰቢያ ዞሩ። ለመካድ እንኳ አልሞከረችም።

«በቃሌ እወጣዋለሁ» አለች። «እዚያ ያለችው እህት ልትወጣ በመጣች ቁጥር በሩ ግድግዳ ይሆንባታል። ሊያገባኝ የነበረው ሰው ይህን ሰምቶ ቀረ። የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል ስትጽፍ ከዚያ ቤት አስወጣኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹አንቺ ከወጣሽ ታሪኩ ይፈርሳል› ብሎ ሳቀ። ገፋሁት... ጭንቅላቱ ከደረጃው ድንጋይ ጋር ተጋጨ።»

«እኔንስ፣ እቴ?» አለ ጅራታ። «በገመዴ ልታሳስሪኝ?»

«አንተማ ሁልጊዜ ትወጣ ነበር» አለችው።

በማግስቱ ውሃው ጎደለ። መታሰቢያ በካቴና ታስራ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ነገራ ሊገፋት ሲል ተጂቱ እጁን ያዘችው። መታሰቢያ የታሰሩ እጆቿን ወደ በሩ ዘርግታ፣ ግድግዳ እንደምትፈልግ ሁሉ አየሩን ዳሰሰች። ከዚያ ወጣች።